የማይለቅ ማሳከክ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ማሳከክ ናቸው። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «ችፌዬ» ብለው ቢጽፉም ችፌ የተባለው ሁሉ ችፌ አይመስልም፤ ስለዚህ መልሶቹ እከክን፣ ጭርትንና ሽፍታ የሌለውን ማሳከክ ይነካሉ። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ በክርኔና በጉልበቴ ማጠፊያ ላይ ችፌ አለብኝ። የታዘዘልኝን የስቴሮይድ ክሬም ስቀባ በሁለትና በሦስት ቀን ይተወኛል፣ ሳቆም ደግሞ በሳምንቱ ይመለሳል። ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው ማለት ነው?

መልስ፦ እንደዚህ ሲሆን ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ስለተለመደ ሳይሆን ስላነሰ ወይም ቶሎ ስለቆመ ነው። ወደ ሌላ መድኃኒት ከመዝለልዎ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ፦ ምን ያህል እንደሚቀቡ፣ ለስንት ቀን እንደሚቀቡ፣ ሕመሙ ባልተነሳበት ጊዜ ለቆዳዎ ምን እንደሚያደርጉ።

ከመጠኑ እንጀምር። በአዋቂ ሰው ሌባ ጣት ላይ፣ ከመጨረሻው አንጓ መስመር እስከ ጣቱ ጫፍ ድረስ ከቲዩቡ ተጨምቆ የተጋደመ ክሬም ግማሽ ግራም ገደማ ነው። ይህ «የጣት ጫፍ ልክ» ይባላል፤ የሚበቃውም ጣቶቹን ጨምሮ የሁለት መዳፍ ስፋት ላለው ቆዳ ነው። በሁለቱ ክርኖችና በሁለቱ ጉልበቶች ያለው ሕመም እያንዳንዱ አንድ መዳፍ ያህላል እንበል። በድምሩ አራት መዳፍ ስለሚሆን በአንድ ጊዜ ሁለት የጣት ጫፍ ልክ፣ ማለትም 1 ግራም ያስፈልገዋል። በቀን አንድ ጊዜ ለ14 ቀን ቢቀቡት 14 ግራም ይሄዳል። ባለ 15 ግራሙ ቲዩብ ሦስት አራት ጊዜ ሲያገረሽብዎት ሁሉ እያገለገለ እስካሁን ካላለቀ፣ የተቀቡት ከሚገባው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ስስ አድርገህ ቀባ» የሚለውን ምክር ሰምቶ ክሬሙን እስኪጠፋ ያሽዋል፤ በትክክል የተቀባ ቆዳ ግን ለጥቂት ደቂቃ ያብረቀርቃል። ጠንከር ያሉትን ስቴሮይዶች በቀን ሁለቴ መቀባት ከአንድ ጊዜው እምብዛም የሚበልጥ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ አንዴ፣ ግን በልኩ።

ቀጥሎ የቀኑ ብዛት ነው። ማሳከኩ የሚቆመው የቆዳው መቆጣት ከማለቁ በፊት ነው። በሦስተኛው ቀን ስለተሻለዎት ሲያቆሙ ከላይ የበረደው ከሥር አልበረደም። ለማቆም የሚያስችለውን ምልክት በዓይን አይፈልጉት፣ በጣት ይፈልጉት፦ ዓይንዎን ጨፍነው የታመመውንና ጤነኛውን ቆዳ ተራ በተራ ይዳስሱ። የታመመው አሁንም ወፍሮ ወይም ሻክሮ የሚለይ ከሆነ ገና ነው። ሁለቱ እኩል ሲለሰልሱ ያቆማሉ፤ ይህ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በጥቁር ቆዳ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ሕመሙ ከዳነ በኋላ የጠቆረ ወይም የነጣ ጥላ ለወራት ይቆያል። እሱ የቀለም ለውጥ እንጂ መቆጣት ስላልሆነ በስቴሮይድ አይጠፋም። ጥላውን ለማጥፋት እያሉ ክሬሙን የሚገፉ ሰዎች ናቸው ቆዳቸው የሚሳሳው።

ችፌው ሁልጊዜ እዚያው ቦታ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ፣ ሙሉ በሙሉ ከለሰለሰ በኋላ ያንኑ ቦታ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ መቀባቱን እንዲቀጥሉ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ይህ የመከላከያ አቀባብ ማገርሸቱን በጣም ያራርቀዋል፤ የሚወጣው መድኃኒትም በየሦስት ሳምንቱ ከሚደጋገም ሙሉ ሕክምና ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘለው ማለስለሻው ነው። ችፌ ያለበት ሰው ቆዳ ላይ ሴሎቹን የሚያያይዙት ስቦች ያነሱ ናቸው፤ በአንዳንዱ ሰው ላይ ፊላግሪን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ራሱ ጉድለት አለበት። ካልተመረገ ግድግዳ ንፋስ እንደሚገባ ሁሉ በዚህ ቆዳ ውስጥም ሳሙናው፣ አቧራውና ባክቴሪያው ይገባል፤ ውሃው ደግሞ ይወጣል። ማለስለሻ ይህን ክፍተት የሚሸፍን ነውና ሕመም ቢኖርም ባይኖርም በየቀኑ ይቀባል። ለአንድ አዋቂ መላ ሰውነት አንድ ጊዜ ለመቀባት እስከ 30 ግራም ይፈጃል። በቀን ሁለቴ ሲሆን 60 ግራም፣ በሳምንት ከ400 ግራም በላይ ማለት ነው። ባለ 500 ግራሙ ዕቃ ወር ከቆየ አልተቀቡም። ደረቅና የተሰነጠቀ ቆዳ ወፍራም ቅባት፣ ለምሳሌ ንጹሕ ቫዝሊን፣ ይወዳል፤ ውሃ የሚያወጣ ወይም ላብ የሚበዛበት ቦታ ክሬም ይሻለዋል። ሎሽን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ለችፌ ደካማ ነው። ሽቶ ያለበትን ሁሉ ይተዉ፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ጽሑፍም ሽቶ የለውም ማለት አይደለም።

አቀባቡ፦ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ይታጠቡ። በሳሙና ምትክ ከሳሙና ነጻ የሆነ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 5.5 የሚጠጋ ማጽጃ ይጠቀሙ፤ ተራ ሳሙና ፒኤቹ ከ9 በላይ ስለሆነ በተፈጥሮው አሲዳማ ለሆነው ቆዳ አይስማማም። ፎጣውን ጫን ጫን ያድርጉት እንጂ አይሹበት። ቆዳው እርጥበቱ ሳይለቀው፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ማለስለሻውን ፀጉሩ በሚተኛበት አቅጣጫ ወደ ታች ይቀቡ። ወደ ላይ ካሹት የፀጉሩ ሥር ይደፈንና ብጉር መሰል መግል ይቋጥራል። ከዕቃው በጣት ሳይሆን በንጹሕ ማንኪያ ያውጡ። ስቴሮይዱንና ማለስለሻውን ተከታትለው አይደርቡ፤ የትኛውም ይቅደም፣ በመካከላቸው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያሳልፉ። ደራርበው ከቀቡ መድኃኒቱ ይቀጥናል፣ ጤነኛ ቆዳ ላይም ይሰራጫል።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ማታ ማታ እስኪደማ ድረስ ያክካል። ስቴሮይድ ቆዳ ያሳሳል ስለተባልኩ ፈርቼ ተውኩት። ወተትና እንቁላልም አስቁሜዋለሁ፤ ለውጥ ግን የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ወተቱንና እንቁላሉን ይመልሱለት፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። ልጁ አንዱን በልቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፊቱ ያበጠበት፣ እንደ ንብ ንድፊያ ያለ እብጠት ሰውነቱን የወረረው፣ ያስመለሰው ወይም ትንፋሹ የጠረረበት ጊዜ ከነበረ አይመልሱት፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ምግቦቹን ካቆመ ወራት ካለፉም እቤት ከመመለስ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ፤ ሲበላው ችግር ያልነበረበት ልጅ ምግቡ ከተቋረጠበት በኋላ እውነተኛ አለርጂ ሊያወጣ ይችላል። ችፌ የምግብ በሽታ አይደለም፤ ምግብ የሚያባብሰው በጥቂት ልጆች ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ሁለቱን ዋና የፕሮቲን ምንጮች ያለ ምክንያት ማቋረጥ ለዕድገቱ ጉዳት አለው።

ስለ ስቴሮይድ ያለዎት ፍርሃት መሠረት የለውም አንልም። ቆዳን ማሳሳት፣ ሸንተረር ማውጣት፣ በዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግላኮማ የሚባለውን የዓይን ግፊት ሕመም ማምጣት ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን ጠንካራው ዓይነት ስስ ቆዳ ላይ ለሳምንታትና ለወራት ሲቀባ ነው። በቲዩቡ ላይ የተጻፈው መቶኛ ጥንካሬን አያሳይም፦ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲዞን ከሁሉም ደካማው ሲሆን 0.05 በመቶ ክሎቤታሶል ከሁሉም ብርቱው ነው። ቁጥሩን ሳይሆን ስሙን ያንብቡ። ለሁለት ዓመት ልጅ ፊትና ማጠፊያዎች ሃይድሮኮርቲዞን የተለመደ ነው፤ ለሰውነቱ ሐኪሙ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ሊያዝ ይችላል። ክሎቤታሶል ሕፃን ላይ ያለ ቆዳ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይቀባም።

በእርስዎ ጣት ሲለካ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ፊትና አንገት 1.5 የጣት ጫፍ ልክ፣ አንድ እጅ እስከ ትከሻው 1.5፣ አንድ እግር 2፣ ደረትና ሆድ 2፣ ጀርባና መቀመጫ 3 ይበቃል። የሚቀባው የታመመው ክፍል ብቻ ነው። ማለስለሻው ግን መላ ሰውነቱን ሲሆን በሳምንት 250 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል።

ሌሊቱን ለማሳለፍ በጣም የሚረዳው በእርጥብ ልብስ መጠቅለል ነው። ሁለት ጥንድ ልክክ ያለ የጥጥ ፒጃማ ያዘጋጁ። ልጁን ያጥቡ፣ ቆዳው ላይ ማለስለሻውን ነጭ ሆኖ እስኪታይ ድረስ በወፍራሙ ይቀቡ። አንዱን ፒጃማ ለብ ባለ ውሃ ነክረው ጠብታ እስኪያቆም ይጭመቁና ያልብሱት፤ ወዲያው ደረቁን ከላይ ይደርቡ። ክፍሉ ሞቅ ያለ ይሁን፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ያውልቁለት። ውሃው በዝግታ ሲተን ቆዳውን ያቀዘቅዘዋል፤ ጨርቁም ጥፍሩ ቆዳው ላይ እንዳይደርስ ያግዳል። የውስጡ ልብስ ሲደርቅ፣ ወይም ጠዋት፣ ያውልቁትና እንደገና ማለስለሻ ይቀቡ። ከሥር ስቴሮይድ ካለ መጠቅለሉ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ስለሚጨምር ለስንት ሌሊት እንደሚቀጥል ሐኪሙ ይወስን፤ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ቀናት ነው። መግል፣ ቢጫ ቅርፊት ወይም ትኩሳት ካለ አይጠቅልሉ፤ እርጥበቱ ኢንፌክሽኑን ያራባዋል።

ጥፍሩን አጭር አድርገው ከቆረጡ በኋላ ጠርዙን ይሞርዱት፤ አዲስ የተቆረጠ ጥፍር ስለት አለው። የአለርጂ ሽሮፕን በተመለከተ፣ የችፌ ማሳከክ በአብዛኛው ሽሮፑ በሚያግደው ሂስታሚን በተባለ የሰውነት ኬሚካል የሚመጣ ስላልሆነ ሽሮፑ ማሳከኩን አያስቆመውም። እንቅልፍ የሚያስወስደው ዓይነት ለጥቂት ሌሊት በሐኪም ሊታዘዝ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ልጁን ያደክመዋል እንጂ ቆዳውን አያክመውም።

በመጨረሻ፣ ይህን ምልክት በቃልዎ ይያዙት፦ ችፌው ላይ በድንገት እኩል መጠን ያላቸው፣ መሐላቸው ጎድጎድ ያለ፣ የሚያሙ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች በመንጋ ከወጡና ልጁ ካተኮሰው፣ ምች የሚያመጣው የኸርፐስ ቫይረስ ገብቶበት ይሆናል። ያኔ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዱት። ዓይኑ አጠገብ ከሆነ ይበልጥ ይፍጠኑ።

ጥያቄ፦ ችፌ በቤታችን ተስፋፋ። በመጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባለቤቴንና ልጆቼን ማሳከክ ጀመረን። ሌሊት ይብሳል። ችፌ ይተላለፋል እንዴ?

መልስ፦ ችፌ አይተላለፍም። የምትገልጹት እከክ ይመስላል። በጣቶቻችሁ መካከል፣ በእጅ አንጓ ውስጠኛው ክፍል፣ በብብት፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በወንዶች ደግሞ በብልት ላይ ሽፍታ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። መንስኤዋ ቆዳ ውስጥ ጎድጓድ እየቆፈረች እንቁላል የምትጥል በዓይን የማትታይ ተባይ ናት። መጀመሪያ የያዘው ሰው ማሳከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው፤ ስለዚህ «እኔን አያሳክከኝም» የሚለውም የቤተሰብ አባል ተሸክሟት ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፦ ያሳከከው ብቻ ይታከማል፣ ያልታከመው መልሶ ያስይዘዋል። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ምሽት ይታከሙ። 5 በመቶ ፐርሜትሪን ክሬም ከአንገት በታች አንድም ቦታ ሳይቀር ይቀባል፦ ጥፍር ሥር፣ በጣቶች መካከል፣ እምብርት፣ ብልት፣ መቀመጫ፣ የውስጥ እግር። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለአረጋውያን ከዓይንና ከአፍ ዙሪያ በስተቀር ራስና ፊትም ይጨመራል። ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ያለ ሐኪም አይሆንም። አንድ አዋቂ 30 ግራም ገደማ ይፈልጋል። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይቆይና ይታጠባል። በመካከል እጁን የታጠበ ሰው እጁን እንደገና ይቀባ፤ ይህ የሚረሳ ነገር ነው፣ ተባይዋም በብዛት የምትገኘው እጅ ላይ ነው። ከመቀባት በፊት በሙቅ ውሃ አይታጠቡ፤ ቆዳው ቀዝቅዞና ደርቆ ይሁን። ከ7 ቀን በኋላ ይደገማል።

በዚያው ጠዋት ባለፉት ሦስት ቀናት የለበሳችሁትና የተኛችሁበት ሁሉ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበው ፕላስቲክ ውስጥ ታስሮ ቢያንስ ለ3 ቀን፣ ለጥንቃቄ ለ7 ቀን ይቀመጥ፤ ተባይዋ ከሰው ቆዳ ውጭ ከዚያ በላይ እምብዛም አትኖርም። ቤት ላይ መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም።

ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀጥላል፤ የሞቱት ተባዮች ቅሪት ከቆዳ እስኪወጣ ሰውነት መቆጣቱን አያቆምም። በዚህ ጊዜ ፐርሜትሪኑን ደጋግሞ መቀባት ቆዳውን አድርቆ ማሳከኩን ያራዝመዋል። ማለስለሻ ቀቡ፣ ታገሡ። ከአራት ሳምንት በኋላ አዲስ ሽፍታ ካለ ግን እንደገና ታዩ።

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ የወጣውን ሽፍታ ያለ ማዘዣ በገዛሁት ክሬም ቀባሁት። ማሳከኩ ወዲያው ቆመ፣ ሽፍታው ግን በወር ውስጥ ሰፍቶ ወደ ጭኔ ወረደ።

መልስ፦ ስሙን ያልጻፉልን ክሬም ብርቱ ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ በአንድ የተቀላቀሉበት ሳይሆን አይቀርም። ሽፍታው ጭርት ከሆነ ስቴሮይዱ ማሳከኩን ያፍነዋል፣ ፈንገሱ ግን ያለ ተቃዋሚ ይሰፋል፤ የታወቀው ክብ ጠርዙም ስለሚደበዝዝ ሐኪምን ሳይቀር ያሳስታል። ክሬሙን ያቁሙና ይመርመሩ። ከጠርዙ በምላጭ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ቀላል ምርመራ አለ፤ ውጤቱ የታመነ እንዲሆን ከምርመራው በፊት ምንም ፀረ ፈንገስ አይቀቡ። ከተረጋገጠና ስፋቱ ትንሽ ከሆነ 1 በመቶ ተርቢናፊን ወይም ክሎትሪማዞል፣ ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር አልፎ ይቀባል፤ ሽፍታው ከጠፋም በኋላ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ከስቴሮይድ በኋላ የሰፋ ጭርት ብዙ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ስቴሮይዱን ሲያቆሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳከኩ ይብሳል፤ ይህን ይጠብቁት፣ ወደ ክሬሙ አይመለሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ምንም ሽፍታ ሳይኖርባቸው መላ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል። ሁለት ወር አልፎታል።

መልስ፦ ከስድስት ሳምንት ያለፈ ማሳከክ ሥር የሰደደ ይባላል፤ መመርመርም አለበት። በዚህ ዕድሜ ተደጋጋሚው ምክንያት የቆዳ መድረቅ ነው፤ ቅልጥማቸው ላይ ቆዳው እንደ ተሰነጣጠቀ ሸክላ መስመር መስመር ካወጣ ይህ ነው። ሳሙና በየቀኑ የሚያስፈልገው ለብብት፣ ለብሽሽትና ለእግር ብቻ ነው፤ ሌላውን ውሃ ይበቃዋል። ከ5 እስከ 10 በመቶ ዩሪያ ያለው ክሬም ውሃን ቆዳ ውስጥ ስለሚይዝ ጥሩ ነው፤ የተሰነጠቀና የተቧጠጠ ቦታ ላይ ግን ያቃጥላል፣ እዚያ ቫዝሊን ይቀድማል። 1 በመቶ ሜንቶል ያለበት ክሬም የማቀዝቀዝ ስሜት ሰጥቶ ለጥቂት ሰዓታት ያሳርፋል።

በሁለት ሳምንት ካልተሻላቸው የደም ምርመራ ያስፈልጋል፦ ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የብረት ክምችት፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ታይሮይድና ስኳር። የኩላሊት ድካም፣ የሐሞት ፍሰት መታገድና የብረት ማነስ ሁሉም ያለ ሽፍታ ያሳክካሉ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ፣ በቅርብ የተጀመሩትን ለይተው፣ ይዘው ይሂዱ፤ በራሳችሁ ግን አንዱንም አታስቁሟቸው። ክብደታቸው ከቀነሰ፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ ካላቸው፣ አንገታቸው ወይም ብብታቸው ላይ እብጠት ካለ፣ ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ ሁለቱን ሳምንት አትጠብቁ። ሐኪሙ የጣታቸውን መካከል እንዲያይም ያስታውሱት፤ በአረጋውያን ላይ እከክ ሽፍታው እምብዛም ሳይታይ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ስምንተኛ ወሬ ነው። መዳፌንና የውስጥ እግሬን ሌሊት ሌሊት በጣም ያሳክከኛል፤ ሽፍታ የለኝም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ክትትልዎ ይሂዱና የሐሞት አሲድና የጉበት ምርመራ ይጠይቁ። በእርግዝና የሐሞት ፍሰት ሲታገድ ምልክቱ ልክ ይህ ነው፤ የሐሞት አሲዱ በጣም ከፍ ካለ ለጽንሱ ስለሚያሰጋ የመውለጃው ጊዜ ሊቀየር ይችላል። ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ማሳከኩ ከቀጠለም ምርመራው ይደገማል። ማለስለሻ ይቀቡ፣ ግን ምርመራውን በማለስለሻ አይተኩት።

ጥያቄ፦ ማጅራቴ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሥራ ላይ ስሆን ሳላውቀው እጄ እዚያ ነው። ቆዳው ወፍሮ ጠቁሯል።

መልስ፦ ይህ በማከክ ብቻ የሚኖር ሕመም ነው። ታክኮ የወፈረ ቆዳ የነርቭ ጫፎቹ ይቆጣሉ፣ ስለዚህ በራሱ ያሳክካል፤ ይታከካል፣ ይወፍራል። ሁለቱም ጫፍ እኩል ካልተያዘ አይቆምም። ለቆዳው ሐኪሙ ብርቱ ስቴሮይድ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት ያዛል፤ ቦታውን በፕላስተር መሸፈን መድኃኒቱን ያጠልቀዋል፣ ጣትንም ያግዳል። ሲሸፈን ኃይሉ ስለሚጨምር ያለ ትእዛዝ አይሸፍኑ።

ለእጁ ደግሞ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ይቁጠሩት፤ እጅዎ ወደ ማጅራትዎ በሄደ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ያድርጉ፣ ሰዓቱንም ይጻፉ። ልማዱ የሚነሳበት ሰዓትና ሁኔታ ያኔ ይታያል፦ ስልክ ሲያወሩ፣ ሲያነቡ፣ ልብስ ሲቀይሩ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እጅዎ ሲነሳ ጨብጠው እስከ 30 ይቁጠሩ፤ አሁንም ካሳከከ ቦታውን በጥፍርዎ ጠርዝ ጫን ይበሉት፣ አይቧጥጡት። ጨርቅ ውስጥ የተጠቀለለ በረዶ ለአምስት ደቂቃ ቢያስቀምጡበትም ይረዳል። ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ለጊዜው ደስ ይላል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ብሶ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ በረኪና በውሃ በጥብጦ መታጠብ ለችፌ ጥሩ ነው ይባላል። እውነት ነው ወይስ ሰው ማቃጠል?

መልስ፦ በትክክል ከቀጠነ ሕክምና ነው፣ በግምት ከሆነ ማቃጠል ነው። ችፌያቸው ደጋግሞ ለሚያመረቅዝ ሰዎች በቆዳ ሐኪም ምክር የሚደረግ ሲሆን ጥቅሙም መጠነኛ ነው። ሽቶ የሌለው፣ ያልወፈረ፣ 6 በመቶ በረኪና ከሆነ ለ150 ሊትር ውሃ 120 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለ10 ሊትር 8 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በመርፌ ወይም በመለኪያ ኩባያ ይለኩት፣ በክዳን አይገምቱት። የጠርሙሱ መቶኛ ከ6 የሚበልጥ ከሆነ መጠኑ በዚያው ልክ ይቀነሳል። መጀመሪያ ውሃው ይሞላ፣ ከዚያ በረኪናው ይግባና ይማሰል። ከአንገት በታች እስከ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለቴ፤ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቁና ማለስለሻ ይቀቡ። ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት። አስም ካለብዎት ወይም ቆዳዎ በብዙ ቦታ ተሰንጥቆ ከሆነ ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ የዓይኔ ቆብ ላይ ችፌ አለብኝ፤ ስቴሮይድ ዓይን አጠገብ አይሆንም ተባልኩ። ታዲያ ምን ይቀባል?

መልስ፦ ታክሮሊመስ ቅባት ወይም ፒሜክሮሊመስ ክሬም። ቆዳ ስለማያሳሱ ለዓይን ቆብ፣ ለፊትና ለማጠፊያዎች የሚመረጡ ናቸው። ታክሮሊመስ 0.1 በመቶ ከ16 ዓመት በላይ ላሉ፣ 0.03 በመቶ ከ2 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቃጥላል፤ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚጥለው በዚህ ጊዜ ነው፣ ማቃጠሉ ግን በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ቅባቱን ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥና ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መቀባት ያስታግሰዋል። የሚቀቡበትን ቦታ ከፀሐይ ይከልሉ። ወደ ዓይን ውስጥ አያስገቡት፤ የተቆጣ ዓይን ወይም ምች ካለም ይጠብቁ። ከዚህ ጎን ለጎን የዓይን ቆብ ችፌ ብዙ ጊዜ ከእጅ እንደሚመጣ ያስታውሱ፦ የጥፍር ቀለም፣ የፀጉር ቀለምና ሽቶ ጣትን ምንም ሳያደርጉ ቆቡን ያስቆጣሉ። ለአራት ሳምንት ሁሉንም አቁመው አንድ በአንድ ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ሌሊት በቫዝሊን ተለቅልቄ ነው የምተኛው። አንሶላዬ ቅባት ብቻ ሆኗል፤ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ለቆዳዎ የለውም፣ ለእሳት ግን አለው። ቅባት የጠጣ ጨርቅ በሲጋራ፣ በሻማ ወይም በምድጃ ነበልባል በፍጥነት ይያያዛል፤ መታጠብም ቅባቱን ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። ለመኝታ የሚለብሱትን ለይተው ይያዙ፣ ለብሰውት ወደ እሳት አይጠጉ፣ አልጋ ላይ አያጭሱ፤ አንሶላውን ቶሎ ቶሎ፣ ጨርቁ የሚችለውን ያህል በሞቀ ውሃ ይጠቡት።